ቻር ምንድን ነው? ወንዙ መሬት ሲሆን ዓሣ አጥማጁስ?

ቻር በቤንጋል (የዛሬዋ ባንግላዴሽና አጎራባቿ የሕንድ ምዕራብ ቤንጋል) ወንዞች መሀል ወይም ዳር ደለል ተከምሮ የሚፈጥረው አዲስ መሬት ነው። ታንኳ ይቀዘፍበት የነበረው ውሃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሩዝ የሚዘራበት ማሳ ሆኖ ይገኛል። መሬት ሀብት ነው ሲባል ላደገ ሰው ወሬው የምሥራች ይመስላል። በዓሣ ለሚያድር ሰው ግን ቻር መርዶ ነው። ይህን ደግሞ የቤንጋሉ ፊልም ሠሪ ሪትዊክ ጋታክ በ1973 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባንግላዴሽ ውስጥ እንደሠራው «ቲታሽ ኤክቲ ናዲር ናም» (ቲታሽ የአንድ ወንዝ ስም ነው) አድርጎ ያሳየ ፊልም አላየሁም።

መጀመሪያ ስለ ደለሉ። የአካባቢው ትላልቅ ወንዞች ጋንጅስ፣ ብራህማፑትራና መግና ተደምረው በየዓመቱ ወደ አንድ ቢሊዮን ቶን የሚጠጋ ደለል ይሸከማሉ። በክረምት ውሃው ሲበረታ አንዱን ዳር እየናደ ይወስዳል፤ ሲረጋ የተሸከመውን ሌላ ቦታ ያራግፋል። አሸዋው ከውሃ በላይ ብቅ ይላል፣ ሣር ያበቅላል፣ ሣሩም ሌላ ደለል ይይዛል። ከዚያ ሰው ይመጣል። ጣጣው የሚጀምረው ማን ቀድሞ ይመጣል ሲባል ነው።

እንግሊዞች ቤንጋልን ሲገዙ በ1825 ስለዚሁ ጉዳይ ደንብ አውጥተው ነበር። ደለሉ ቀስ በቀስ ከአንድ ሰው መሬት ጋር ተያይዞ ከጨመረ፣ ጭማሪው የባለመሬቱ ነው። በትልቅ ወንዝ መሀል ደሴት ቢወጣና በመካከል ያለው ውሃ በእግር የማይሻገሩት ከሆነ የመንግሥት ይሆናል፤ የሚሻገሩት ከሆነ አጠገቡ ያለው ባለመሬት ይወስደዋል። በትንንሽ ወንዞች ደግሞ የወንዙ ወለልና የማስገር መብቱ የአንድ ባለርስት ከሆነ፣ ብቅ ያለው ቻርም የእሱ ነው። ደንቡን ከላይ እስከ ታች ብታነቡት መረብ የያዘውን ሰው አታገኙትም። ለማስገር ይከፍል የነበረው ለውሃው ነው፤ ውሃው ሲሄድ እሱም ምንም የለው። የወረቀቱ ነገር ይህ ሲሆን፣ መሬት ላይ ደግሞ ጭቃው ሳይደርቅ ላቲያል የሚባሉ ባለዱላ ቅጥረኞች ይላካሉ፤ ቻሩም የበረታው ይሆናል። ባንግላዴሽ ነፃ ከወጣች በኋላ ሕጉ ተለዋውጧል፣ የጉልበቱ ነገር ግን በሕግ ብቻ አልጠፋም።

ፊልሙ የሚተርከው ስለ ማሎዎች ነው፤ በሂንዱ የካስት ሥርዓት ዝቅ ተደርገው የሚታዩ፣ በባንግላዴሽ ብራህማንባሪያ አካባቢ በቲታሽ ዳር የኖሩ ዓሣ አጥማጆች። ታሪኩን በልብ ወለድ የጻፈው አድዋይታ ማላባርማን ራሱ ማሎ ነው። በ1914 እዚያው ወንዝ ዳር ተወለደ፣ በ1951 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፣ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1956 ነው። ስለ ድሃ አስጋሪዎች የጻፉ ሞልተዋል፤ በመረቡ ካደጉት መሀል የወጣ ጸሐፊ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ጋታክም ቢሆን ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። የዳካ ልጅ ነው፤ በ1947 ቤንጋል በሕንድና በፓኪስታን መሀል ለሁለት ሲከፈል የተወለደበት ምድር ሌላ አገር ሆነበት። ወደዚያ ተመልሶ ፊልም ለመሥራት የባንግላዴሽን ነፃነት መጠበቅ ነበረበት። ሲቀርጽም ታሞ ነበር፤ ያም ሆኖ ቲላክቻንድ የተባለውን ሽማግሌ ታንከኛ ራሱ ተጫውቷል።

ታሪኩ በፍቅር ይጀምራል። ኪሾር የተባለ ወጣት ለዓሣ ርቆ ሄዶ በደረሰበት መንደር ድንገት ይዳርና ሙሽራዋን በታንኳ ይዞ ይመለሳል። ማታ ዘራፊዎች ይጠልፏታል። እሷ ወንዙ ውስጥ ዘልላ ታመልጣለች፣ እሱ ያብዳል። የባሏን ስም እንኳ አታውቅም፣ የምታውቀው የመንደሩን ስም ብቻ ነው። ዓመታት አልፈው ልጇን ይዛ እዚያው መንደር ትመጣለች፤ የምትንከባከበው እብድ ባሏ መሆኑን ሳታውቅ። ያወቁት ዕለት ሁለቱም ይሞታሉ። እውነቱን ለመናገር እስከዚህ ድረስ አጋጣሚው ይበዛል፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ለሚሄድ ፊልም ትዕግሥት ይጠይቃል።

ታሪኩን ሁሉ የምትሸከመው ባሳንቲ ናት፤ በልጅነቷ ለኪሾር ታስባ የነበረች፣ ሌላ አግብታ ወዲያው ባል የሞተባት። የሟቾቹን ልጅ ታሳድጋለች፣ እሱንም ታጣዋለች። ያኔ ነው ወንዙ መድረቅ የሚጀምረው። አራጣ አበዳሪውና ባለመሬቱ ሲጠጉ፣ ማሎዎቹ ሲበተኑ፣ ፊልሙ በአንዲት ሴት ሐዘን ላይ አያተኩርም፤ መንደር እንዴት እንደሚሞት ያሳያል። መጨረሻ ላይ ባሳንቲ በደረቀው የወንዙ ወለል ተደፍታ አሸዋውን በእጇ ትጭራለች፣ ትንሽ ውሃ ብቻ ትፈልጋለች። ቀና ስትል አንድ ልጅ ቅጠል እየነፋ በለምለም ሩዝ መሀል ሲሮጥ ይታያታል።

ብዙ ሰው ይህን ትዕይንት የተስፋ አድርጎ ያነበዋል። እኔ እንዲያ አላየሁትም። ልጁ የሚሮጥበት ማሳ ቻሩ ነው። ሩዙ የለመለመው ታንኳዎቹ ያረፉበት ቦታ ላይ ነው፤ የሚያጭደውም ማሎ አይደለም። ጋታክ ልጁን ቆንጆ፣ ማሳውንም አረንጓዴ አድርጎ ማሳየቱ ነው ነገሩን የሚያከብደው፤ ማንም ሊጠላው የማይችል ነገር የባሳንቲን ሕዝብ ተክቷል።

ፊልሙን ማየት የምትፈልጉ በ2010 በጣሊያን ቦሎኛ ታድሶ በካን ፌስቲቫል የታየውን ቅጂ ፈልጉ። የመጀመሪያው ግማሽ ከከበዳችሁ ጨክናችሁ ግፉበት፤ ቻሩ የሚወጣው በመጨረሻው ክፍል ነው።