ሪጀነሬቲቭ ብሬኪንግ ምንድን ነው?

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በመኪና የወረደ ሰው ያቺን የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ያውቃታል። ለእኔ የባከነ ቤንዚን ሽታ ናት። ዳገቱን ለመውጣት የፈጀነው ነዳጅ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሸራና ዲስክ ሲፋተጉ ሙቀት ሆኖ በነፋስ ይበተናል። ሪጀነሬቲቭ ብሬኪንግ ማለት ይህን ጉልበት ሳይበተን ይዞ ወደ ባትሪ መመለስ ነው።

የድሮውን የብስክሌት ዲናሞ ታስታውሱታላችሁ? ጎማው ላይ ሲያስደግፉት መብራቱ ይበራል፤ ፔዳሉ ግን ወዲያው ይከብዳል። ሃይብሪድ መኪናም፣ ማለትም የቤንዚንም የኤሌክትሪክም ሞተር ያለው መኪና፣ እንዲሁ ነው። ነጂው ፍሬን ሲነካ፣ ጎማውን ሲያዞር የነበረው የኤሌክትሪክ ሞተር አሁን በጎማው እየዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። መኪናውን ቀስ የሚያደርገው ያ ክብደት ነው። ሸራው በዋናነት የሚሠራው ፍሬኑ በኃይል ሲረገጥና መኪናው ሊቆም ሲል ስለሆነ ቶሎ አያልቅም።

ምን ያህል ይተርፋል? እስቲ እናስላው። 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 135 ኪሎ ጁል ገደማ ጉልበት ይዟል። የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ጉልበት ሩቡን ለጎማ ያደርሳል ብንል፣ እዚያ ፍጥነት ለመድረስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤንዚን ተቃጥሏል። በተራ መኪና እያንዳንዱ ቀይ መብራት ያቺን ማንኪያ ይደፋታል! ሃይብሪዱም ሁሉንም አያድናትም፤ በሞተሩና በባትሪው መሃል የሚባክን አለ። ግን ቀኑን ሙሉ ቆም ሄድ ለሚል ታክሲ ትልቅ ነገር ነው። በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ የ2010 ቶዮታ ፕሪየስ በአንድ ጋሎን በከተማ 51፣ በአውራ ጎዳና 48 ማይል ይሄዳል። በተራ መኪና ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከተማ ውስጥ ነው የሚበላው። (መኪናው ሲቆም ሞተሩ መጥፋቱም ድርሻ አለው።)

ገደብ ግን አለው። ያው 1,400 ኪሎ መኪና 300 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ1.1 ኪሎዋት ሰዓት ይበልጣል። የዚያ ፕሪየስ ባትሪ ጠቅላላ አቅሙ 1.3 ገደማ ነው፤ ኮምፒውተሩም ዳር እስከ ዳር እንዲሞላ አይፈቅድም። ስለዚህ ረጅም ቁልቁለት ላይ ባትሪው መሃል መንገድ ላይ ይጠግብና የቤንዚን ሞተሩ ድንገት ይጮኻል። ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ብልሽት ግን አይደለም፤ ሞተሩ እየዞረ መኪናውን መያዙ ነው። ማርሹ ላይ «ቢ» የምትለዋ ፊደል የተቀመጠችው ለእንዲህ ያለው ቁልቁለት ነው። ሜዳ ላይ በእሷ መንዳት ግን ነዳጅ ያስበላል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ አዲስ አበባን የሞሏት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ጉልበት የሚመልሱት በዚሁ መንገድ ነው። ባትሪያቸው ትልቅ ስለሆነ የእንጦጦን ቁልቁለት ሙሉውን ይቀበላሉ። እላይ የሚኖር ሰው ግን ማታ ሲሞላ 100 ከመቶ ባያደርሰው ይሻለዋል፤ ጠዋት ሲወርድ የሚመለሰው ጉልበት መግቢያ ያጣል።