«የበላ ፍርፋሪ ይጥላል»፦ የአንድ የሲሲሊ አባባል ትርጉምና መነሻ

በሲሲሊ ደሴት ርዕሰ ከተማ በፓሌርሞ፣ ባላሮ ከሚባለው የቆየ የገበያ ሰፈር አጠገብ ባለች አንዲት አነስተኛ ምግብ ቤት ተቀምጬ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ዳቦ ስቆርስ የቅርፊቱ ስብርባሪ በነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ተበተነ። በእጄ ልሰበስበው ስሞክር ይባስ ብሎ ወደ ወለሉ ወረደ። አፍሬ ይቅርታ ስጠይቅ፣ ምግቡን ራሳቸው አብስለው ራሳቸው የሚያቀርቡት በዕድሜ የገፉ እናት ትከሻዬን ነካ አድርገው «ልጄ፣ ኩ ማንቻ ፋ ሙዲኪ» አሉኝና ወደ ምድጃቸው ተመለሱ። ትርጉሙን የነገረኝ አጠገቤ ተቀምጦ ይበላ የነበረ ሰው ነው፦ «የበላ ፍርፋሪ ይጥላል» ማለታቸው ነው አለኝ።

ጥቂት ጣልያንኛ የሚያውቅ መንገደኛ እንኳ ይህን አባባል ሲሰማ ወዲያው ላይገባው ይችላል፤ ምክንያቱም አባባሉ በጣልያንኛ ሳይሆን በሲሲሊኛ የተነገረ ነው። «ኩ» ማለት «ማንም የሚ…» እንደ ማለት ሲሆን፣ «ማንቻ» «ይበላል»፣ «ፋ» ደግሞ «ያደርጋል» ማለት ነው። «ሙዲኪ» የብዙ ቁጥር ስም ሆኖ ነጠላው «ሙዲካ» ነው፤ ጣልያኖች «ሞሊካ» የሚሉት መሆኑ ነው። ሲሲሊኛ በጣልያንኛ ጠብቆ የሚነገረውን «ል» ብዙ ጊዜ ወደ «ድ» ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ጣልያኑ ቆንጆን «ቤሎ»፣ ፈረስን «ካቫሎ» ሲል፣ የደሴቲቱ ሰው «ቤዱ» እና «ካቫዱ» ይላል። ሙዲካ በመጀመሪያ ትርጉሙ ከቅርፊቱ በታች ያለው ለስላሳው የዳቦ ክፍል ነው፤ ከዚያ አልፎ የዳቦ ፍርፋሪን ሁሉ፣ በወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ተፈርፍሮ ለምግብ የተዘጋጀውን ዳቦ ያመለክታል። የአባባሉ ምስጢር ያለው በዚህ ቃል ድርብ ትርጉም ላይ ይመስለኛል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አባባሉ ሁለት ቦታ ይውላል። አንደኛው፣ ሥራ የሚሠራ ሰው ጥቂት ማጥፋቱ እንደማይቀር ለመግለጽና ያጠፋውን ሰው ለማጽናናት ነው። በእኛ ዘንድ «ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም» እንደሚባለው ማለት ነው፤ እኛ ስህተትን ከምድጃው ጢስ ጋር ስናመሳስለው እነሱ ከገበታው ፍርፋሪ ጋር አመሳስለውታል። ሁለተኛው አገባብ ጠንከር ያለ ነው። ሰው በድብቅ ያደረገው ነገር ዱካ ሳይተው እንደማይቀር፣ የሰረቀም ሆነ ያታለለ ሰው በጣለው ትንሽ ምልክት እንደሚታወቅ ለመናገር ይጠቀሙበታል። አንዱ ይቅር ባይ፣ ሌላው ከሳሽ ነው። የትኛው እንደተፈለገ የሚለየው ከተናጋሪው ድምፅና ከቦታው ነው፤ ለእኔ የተነገረኝ የመጀመሪያው እንደነበረ የትከሻዬ ነካ ማለት አስረድቶኛል።

እንዲህ ዓይነት አባባል አንድ ደራሲ ተቀምጦ የጻፈው አይደለም፤ በገበታ ዙሪያ ሲነገር የኖረ የሕዝብ ቃል ነው። በፓሌርሞ የተወለደው ሐኪም ጁዜፔ ፒትሬ (እ.ኤ.አ. 1841–1916) ዕድሜውን ሙሉ የሲሲሊን ተረት፣ ዘፈንና ምሳሌ በመሰብሰብ ያሳለፈው እንዲህ ያለው የቃል ሀብት ከሰው አፍ እንዳይጠፋ ብሎ ነው፤ ዛሬም በከተማዋ በስሙ የሚጠራ ሙዚየም አለ። ይሁን እንጂ የዚህን አባባል መነሻ ለማየት ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው የደሴቲቱን ዳቦ መመልከት ነው። የሲሲሊ ባህላዊ ዳቦ የሚጋገረው ፓስታ ከሚሠራበት ከዱረም ስንዴ ነው። ውስጡ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ቅርፊቱ ጠንካራና ተሰባሪ በመሆኑ ሲቆረስ ሳይበተን አይቀርም። እንዲህ ባለው ዳቦ የሚኖር ሕዝብ መብላትንና ፍርፋሪን ነጣጥሎ ሊያስባቸው አይችልም።

ሲሲሊ ከ241 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምሮ የሮም የመጀመሪያዋ የባሕር ማዶ ግዛት ሆና ለሮማውያን ስንዴ ስታቀርብ የኖረች ደሴት ናት። የጂኦግራፊ ሊቁ አል ኢድሪሲ እ.ኤ.አ. በ1154 ለሲሲሊው ንጉሥ ለሮጀር ሁለተኛ ባጠናቀቀው ሥራው፣ ከፓሌርሞ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በትራቢያ «ኢትሪያ» የሚባል ደረቅ የሊጥ ምግብ በብዛት እየተሠራ በመርከብ ወደ ሙስሊሙም ወደ ክርስቲያኑም አገር እንደሚላክ መስክሯል። ነገር ግን ስንዴው የሚላክበት አገር ሰው ሁልጊዜ ጠግቦ ያድራል ማለት አይደለም። መሬቱ ለብዙ ዘመን በጥቂት ባላባቶች እጅ ስለነበረ፣ ያመረተው ገበሬ ዳቦውን ቆጥቦ የሚበላ፣ የደረቀውንም የማይጥል ሆነ። ዳቦን «የእግዚአብሔር ጸጋ» ብሎ መጥራት፣ በገበታም ላይ ገልብጦ አለማስቀመጥ ከዚያ የመጣ አክብሮት ነው።

ከዚህ ቁጠባ የተወለደው «ሙዲካ አቱራታ»፣ ማለትም የተቆላ ፍርፋሪ፣ የደሴቲቱን ምግብ ለማወቅ የሚመጣ መንገደኛ ሊያልፈው የማይገባ ነገር ነው፤ ብዙዎች ግን ከላይ የተነሰነሰ ማስጌጫ እየመሰላቸው ያልፉታል። አሠራሩን እኒያው እናት በምድጃቸው አጠገብ አቁመው አሳዩኝ። የደረቀው ዳቦ በመፈቅፈቂያ ይፈቀፈቃል፤ ከዚያ በሰፊ መጥበሻ ላይ ጥቂት የወይራ ዘይት ተደርጎ በዝግተኛ እሳት ይቆላል። ዓይንና እጅ ከመጥበሻው መነሣት የለባቸውም፤ ፍርፋሪው ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይለወጥ ቆይቶ፣ አንዴ መቅላት ከጀመረ በቅጽበት ያርራል። ቡና የሚቆላ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መዓዛው ሲወጣና መልኩ እንደ ደረቅ ሣር ወርቅማ ሲሆን ይወርዳል፤ ወርዶም በጋለው መጥበሻ እንዳይጠቁር ወዲያው ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል።

ይህ ፍርፋሪ አይብ መግዛት ለማይችለው ሰው የአይብን ቦታ ይተካ ነበር፤ ስለዚህም «የድኻ አይብ» ተብሏል። ዛሬ አይብ የሞላበት ቤትም አልተወውም፤ በጨው የተቀመጠው አንቾቪ የተባለ ትንሽ ዓሣ በቀለጠበት ፓስታ ላይ የሚነሰነሰው እሱ ነው። የፓሌርሞ ታዋቂ ምግብ የሆነው የሰርዲን ፓስታም ሰርዲን፣ የዱር እንስላል፣ ዘቢብ፣ የጥድ ፍሬና ሳፍሮን ከተዋሐዱበት በኋላ የሚጨረሰው በተቆላ ፍርፋሪ ነው። ዓሣ ያልተገኘለት ሰው ሌላውን ሁሉ እንደነበረ አድርጎ ሲሠራው «ሰርዲኖቹ ባሕር ውስጥ ያሉበት ፓስታ» ይባላል፤ ዓሣው ሲጎድል እንኳ ፍርፋሪው አይጎድልም። ባላባቶቹ ቤካፊኮ የምትባል ትንሽ ወፍ ያስጠብሱ በነበረበት ጊዜ፣ ድኻው ሰርዲኑን ሰንጥቆ፣ ፍርፋሪና ዘቢብ ሞልቶ፣ እንደ ወፏ ጅራቱን ወደ ላይ አቁሞ ጋገረው። «ሰርዴ አ ቤካፊኮ» የሚባለው ይህ ምግብ ዛሬ በየምግብ ቤቱ ሲገኝ፣ ወፏን የሚያቀርብ ግን አላየሁም።

እንግዲህ አባባሉ በዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ሲነገር ሌላ ክብደት ያገኛል። ፍርፋሪ ቆሻሻ በሆነበት አገር «የበላ ፍርፋሪ ይጥላል» ቢባል ትዕግሥትን ብቻ ያመለክታል፤ ፍርፋሪው ተሰብስቦ፣ ተቆልቶ፣ ለነገው ገበታ በሚውልበት አገር ግን ጥፋት የተባለው ነገር ራሱ የሚጣል እንዳልሆነ ይሰማል። ይህ የእኔ አተረጓጎም ነው፤ ነገር ግን ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይመስለኝም። እኛም «ፍርፋሪ» እና «ፍርፍር» የምንላቸውን ከአንድ ግስ፣ ከ«ፈረፈረ» አውጥተናል። አንዱ ከገበታ የተረፈ፣ ሌላው በገበታ የሚቀርብ ነው። አድሮ የደረቀው እንጀራ ድርቆሽ ሆኖ፣ በቁሌት ርሶ ቁርስ የሚሆንበት ቤት ያደገ ሰው፣ የሲሲሊ እናቶች በዳቦ ያደረጉትን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

የፍርፋሪው ክብር ከሁሉ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ማርች 19 ቀን በሚከበረው በቅዱስ ዮሴፍ በዓል ነው። በዚህ ቀን በሲሲሊ መንደሮች ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው ዳቦዎች ተደርድረው ገበታ ይዘረጋል፤ ድኾችም ይጋበዛሉ። በዓሉ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ሥጋ ከገበታው ይቀራል፤ ፓስታውም አይብ ሳይሆን የተቆላ ፍርፋሪ ይነሰነስበታል። ለምን እንዲህ እንደሚደረግ እኒያን እናት ብጠይቃቸው፣ ቅዱስ ዮሴፍ አናጢ እንደነበረ አስታውሰው፣ ፍርፋሪው ከእንጨቱ ሥር የሚወድቀው የሥራው ብናኝ ምሳሌ ነው አሉኝ። ለብናኙ የተጠቀሙበት ቃል «ሴጋቱራ» የሚል ነበር። ከዚያ ሁሉ ንግግራቸው ያለ አስተርጓሚ የገባኝ እሱ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በልጅነቴ ከሰፈራችን አናጢ ቤት ደጃፍ በጆንያ የምንሸከመው ሰጋቱራ ነውና።