ሳይንስን በስፖርትና በፊልም ማስተማር ምንድን ነው?

ጎንደር ላይ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የፋሲል ከነማን አሰላለፍ በቃሉ ይወጣዋል። ዐፄዎቹ በ2013 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ እንዴት እንዳነሱ ጠይቁት፣ አያልቅበትም። «አማካይ ፍጥነት ምንድን ነው?» ስትሉት ግን ጣራ ጣራ ያያል።

ሳይንስን በስፖርት፣ በፊልምና በሚዲያ ማስተማር የሚባለው ዘዴ ልጁ ከሚያውቀው ነገር ይነሳል። ከሚወደው ጨዋታ ወይም ፊልም ውስጥ ጥያቄ ይወጣል። ጥያቄው ደግሞ በመለካት፣ በማስላትና በማነጻጸር ይመለሳል። ብዙ ሰው ኳሱ ማጣፈጫ ይመስለዋል፣ ክፍለ ጊዜው እንዳይሰለች መሃል ላይ ጣል የሚደረግ። ቪዲዮው አልቆ ማንም ምንም ካልለካ ግን ተማሪው ተዝናና እንጂ ሳይንስ አልተማረም።

በተግባር እንየው። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ሪከርድ ሰበረ። ወደ 1,577 ሰከንድ ተኩል መሆኑ ነው። ርቀቱን ለጊዜው ስናካፍለው በሰከንድ 6.3 ሜትር ገደማ ይመጣል። እስከዚህ ድረስ የሰሌዳ ሒሳብ ነው። አሁን ልጆቹን ወደ ሜዳ አውጧቸው። 60 ሜትር በገመድ ይለኩ፣ ሰዓቱ በስልክ ይያዝ። ሯጭ የሆነ ልጅ በዘጠኝ ሰከንድ ተኩል ከገባ፣ አማካይ ፍጥነቱ ከቀነኒሳ ጋር እኩል ነው! ክፍሉ ይጯጯሃል። ተዉት፣ ይጩህ። ሲበርድ «ታዲያ አንተ ለምን ሪከርድ አልሰበርክም?» በሉት። ቀነኒሳ ያንን 60 ሜትር ሳያርፍ ከ166 ጊዜ በላይ ደጋግሞታል።

ትምህርቱ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። ልጁ ለምን ደከመ? ከሩጫው በፊትና በኋላ የልብ ምቱን በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛው። ጡንቻ ለአጭር ጊዜ ኦክስጅን እስኪደርሰው ሳይጠብቅ ኃይል ማውጣት ይችላል። ይህ ግን አይዘልቅም። ለረጅም ሩጫ ሳንባና ልብ ኦክስጅኑን ሳያቋርጡ ማድረስ አለባቸው። ከፍጥነት ስሌት የተጀመረው ነገር ሳይታወቅ ወደ ሰውነት አካላት ተሻገረ ማለት ነው።

መሮጥ የማይችል ወይም የማይፈልግ ተማሪ ዳር ይቀመጣል ማለት አይደለም። ሦስት ልጆች የአንድን ሯጭ ሰዓት ይያዙ። ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይሆንም። ለምን? የልኬት ስህተት የሚባለውን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ነገር እኔ አላውቅም።

ጎንደር ደግሞ ራሷ ላብራቶሪ ናት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ያለችው። ውሃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 አካባቢ ይፈላል። «ከፍታ ላይ ኦክስጅን የለም» የሚሉ አሉ፣ ልክ አይደለም። የኦክስጅን ድርሻ እዚህም፣ ራስ ዳሸን ጫፍም 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ያንሳል።

የ1968ቱ (እ.ኤ.አ.) የሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ ለዚህ ግሩም ምሳሌ ነው። ከፍታው 2,240 ሜትር ነበር። አየሩ ሳሳ ስላለ ሯጭን የሚጎትተው ነገር ቀነሰ። አሜሪካዊው ቦብ ቢሞን በርዝመት ዝላይ 8.90 ሜትር ዘልሎ የዓለም ሪከርድ ሰበረ። በረጅም ርቀት ግን ነገሩ ተገለበጠ። ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። አበበ ቢቂላ ከአራት ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነበር የገባው። «ሁሉም የከፍታ ሥራ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ካለ አመስግኑት። መንገዱም፣ ሙቀቱም ይለያያል። ቢሞን ሲዘልም ነፋስ ከኋላው ነበር።

ፊልም ጠቃሚ የሚሆነው ሲሳሳት ነው። ህዋ ላይ መርከብ ሲፈነዳ ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ያሰሙናል። ድምፅ ግን የሚጓዝበት ቁስ ይፈልጋል፤ አየር በሌለበት ዝም ነው። መብረቅ ብልጭ ሲል ነጎድጓዱን አብረው የሚለቁ ፊልሞችም ሞልተዋል። የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ቤት ውስጥ ሆነው፣ ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ሰከንድ ይቁጠሩ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ሰከንዱን ለ3 ማካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ዘጠኝ ከቆጠሩ ሦስት ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።

ሚዲያው ላይ ብዙ አልቆይም። ቲክቶክ ላይ «በሳምንት ውፍረት ያጠፋል» የሚል ነገር ከመጣ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ስንት ሰው ላይ ተሞከረ? ካልወሰዱት ጋር ተነጻጽሯል?

ፕሮጀክተር የለንም፣ መብራት ይጠፋል የሚለው እውነት ነው። ከላይ ያለው አብዛኛው ግን አንድ ስልክና አንድ ገመድ ነው የሚፈልገው። ፊልሙም ሙሉ መሆን የለበትም፤ በቴሌግራም የመጣ የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ይበቃል። አንድ ሰዓት ተኩል ፊልም የሚያሳይ መምህር ክፍለ ጊዜውን ለፊልሙ ሰጠ ማለት ነው።

ዘዴው መሥራቱን ለማወቅ ፈተናው ላይ ቀነኒሳን አታስገቡት። ከአዘዞ ፒያሳ የምትሄድ ባጃጅን አስገቡ። ተማሪው ርቀቱና ሰዓቱ ተሰጥቶት አማካይ ፍጥነቷን ካወጣ፣ መንገድ ላይ ቆማ ሰው መጫኗ ቁጥሩን እንዴት እንደሚለውጠው ከነገራችሁ፣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እለፉ። 6.3ን ብቻ ከሸመደደ ገመዱን ይዛችሁ እንደገና ወደ ሜዳ።