«እኔን!» ለራስስ?

መንገድ ላይ ሰው ሲደናቀፍ አላፊ አግዳሚው «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ይላል። ሰውየውን ባያውቀውም ይላል። እኔ ራሴ ስደናቀፍ ግን ከአፌ የሚወጣው «ምን ያደናብርሻል!» ነው። ለሰው ያለን አንጀት ለራሳችን ለምን እንደሚጠፋ ሳስብ፣ ስለ ትዕግሥትና ርኅራኄ በስህተት የያዝናቸው ነገሮች ትዝ ይሉኛል።

«ትዕግሥት ማለት መዋጥ ነው»

«ሆድ ይፍጀው» ብለን እናልፋለን። ሆድ ግን ያጠራቅመዋል እንጂ አይፈጀውም። እህቴ ለወራት የዋጠችውን ሁሉ አንድ ቀን በተሰበረ ሲኒ ሰበብ ልጇ ላይ አወረደችው። ልጁ የሲኒውን ጆሮ በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ሁሉ ቁጣ የእሱ ድርሻ አንድ ሲኒ ብቻ ነበር። ታጋሽ ሰውም ይናገራል። የሚናገረው ደሙ ከበረደ በኋላ፣ ለሚመለከተው ሰው ነው።

«ንዴት ካልወጣ አይበርድም»

ብራድ ቡሽማን የተባለ ተመራማሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ መለማመጃ ከረጢት የደበደቡት ሰዎች ዝም ብለው ከተቀመጡት በላይ ተናደው ተገኝተዋል። በር ከማላተም ቁጭ ብሎ ውሃ መጠጣት ይሻላል።

«ሩኅሩኅ ሰው እምቢ አይልም»

ይላል እንጂ! አበድሮ ከኋላ ከማማት፣ «አሁን አልችልም» ብሎ ፊት ለፊት መናገር የበለጠ ደግነት ነው።

«ለራሴ ካዘንኩ እሰንፋለሁ»

ሥር የሰደደው ይሄኛው ነው። ብዙዎቻችን በቁንጥጫና በስድብ ስላደግን፣ ራሳችንን ካልሰደብን የምንሻሻል አይመስለንም። በ2012 እ.ኤ.አ. ጁሊያና ብሬይንስና ሴሬና ቼን የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከባድ የቃላት ፈተና ተሰጣቸው። ከዚያ አንዱ ቡድን «ከከበዳችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም፤ በራሳችሁ ላይ አትጨክኑ» ተባለ። ሌላው ደግሞ «እዚህ የገባችሁት ጎበዝ ብትሆኑ ነው» ተባለ። ለሁለተኛው ፈተና ረዘም ላለ ጊዜ ያጠኑት «አትጨክኑ» የተባሉት ናቸው።

ይሄ አይገርመኝም። ስህተቱን ባየ ቁጥር የሚሰደብ ሰው ስህተቱን ማየት ይሸሻል። እኔም አንዴ ያበላሸሁትን ሥራ ሳልከፍት ሳምንት አስቀምጫለሁ። የፈራሁት ሥራውን ሳይሆን ለራሴ የምናገረውን ነበር። በመጨረሻ የከፈትኩት አንድ ምሽት «አይዞሽ፣ እስቲ አብረን እንየው» ብዬ ለራሴ ጮክ ብዬ ከተናገርኩ በኋላ ነው። ለማስተካከል ሃያ ደቂቃ ብቻ ፈጀብኝ።