አንድ የሚሆነው ሳህኑ አይደለም

«የስነ-ምግብ እንክብካቤ ሂደት» የሚባለውን ስታንዳርድ፣ ማለትም የስነ-ምግብ ባለሙያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል የሚከተሉበትን አሠራር፣ የአሜሪካ የስነ-ምግብ ባለሙያዎች ማኅበር (አሜሪካን ዳይቴቲክ አሶሲዬሽን) እ.ኤ.አ. በ2003 ተቀበለው። አራት ደረጃ ነው፦ ምዘና፣ የስነ-ምግብ ችግሩን መለየት (ዲያግኖሲስ)፣ እርምጃ፣ ክትትል። በቃ። ሆስፒታል ውስጥ ለማስጀመር ሲታሰብ ግን የሚወራው ብዙ ነው።

«ስታንዳርድ ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት ምግብ ማዘዝ ነው»

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። አንድ የሚሆነው ቅደም ተከተሉና አጻጻፉ ነው። የስኳር በሽታ ያለባቸው ሁለት እናቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል እንበል። በለመድነው አሠራር የሁለቱም ካርድ ላይ «ጣፋጭ እንዲቀንሱ ተመክረዋል» ይጻፋል። ቁጭ ብሎ ለጠየቀ ግን አንደኛዋ በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር አድርገው ይጠጣሉ። ጣፋጭ ሲባል ኬክ ብቻ ይመስላቸዋል። ሌላኛዋ ስኳር ከቀመሱ ቆይተዋል። ችግራቸው ጾም ነው፤ ጠዋት ኢንሱሊን ተወግተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ስድስት ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆነው ይንቀጠቀጣሉ። ለእሳቸው «ጣፋጭ ይቀንሱ» ማለት ፌዝ ነው።

«ዲያግኖሲስ የሐኪም ሥራ ነው»

የበሽታው፣ አዎ። «ስኳር አለባቸው» የሚለው ሐኪሙ ነው፤ እሱን አንነካም። የስነ-ምግብ ባለሙያው የሚጽፈው ራሱ ሊያስተካክለው የሚችለውን ችግር ነው፤ ችግር፣ መንስኤ፣ ማስረጃ ብሎ። የሻይ ወዳጇ ካርድ ላይ እንዲህ ይሰፍራል፦ «ከሚገባው በላይ ካርቦሃይድሬት መውሰድ፤ መንስኤው ስለ ጣፋጭ መጠጦች ግንዛቤ ማነስ፤ ማስረጃው በሻይ ብቻ በቀን 15 ማንኪያ ስኳር፣ የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳር (HbA1c) 9.5 በመቶ።» ተረኛው ባለሙያ ይህችን አንብቦ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

«ጊዜ ይበላል»

መጀመሪያ ላይ ይበላል፣ አልዋሽም። ግን ሁሉም ታካሚ አራቱን ደረጃ አያልፍም። ቀድሞ ማን ባለሙያ እንደሚያስፈልገው የሚታይበት ልየታ አለ፤ ታካሚዎች ሲተኙ ነርሷ ሁለት ነገር ብትጠይቅ ይበቃል። ሳያስቡት ክብደት ቀንሰዋል? የምግብ ፍላጎትዎ ጠፍቶ ትንሽ ብቻ እየበሉ ነው?

«ክትትል ማለት በየጊዜው ሚዛን ላይ ማውጣት ነው»

ሚዛኑ ስለ ሻዩ የሚነግረን ነገር የለም። የምንከታተለው «ማስረጃ» ብለን የጻፍነውን ነው። እናትየው በቀጠሯቸው ሲመጡ ማንኪያ እንቆጥራለን። 15 የነበረው 4 ከሆነ ሠርቷል። ካልወረደ መንስኤውን ስተናል። ምናልባት ሻዩን አፍልታ ስኳሩን የምትጨምረው ልጃቸው ትሆናለች፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ እሷም አብራ ትምጣ።