የመስሚያ መሣሪያ «ቻናል» ምንድን ነው? 64ቱስ ለማን ነው?

«አዲሱ ብራንድ 64 ቻናል አለው፤ ስመ ጥሩው 16 ብቻ። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።»

ይህን አባባል በስንት አፍ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሰሞኑን ግን አንድ አስተያየት ሰጪ ከዚህም አለፈና «ቻናል ለመስሚያ መሣሪያ ማለት ፒክስል ለካሜራ እንደ ማለት ነው» ብሎ፣ መሣሪያ ሊገዙ ያሰቡ ሰዎችን በልበ ሙሉነት ሲያስተምር አየሁ። ትዕግሥቴ እዚያ ላይ አለቀ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ ወንድሜ፤ አራት እጥፍ አይመጣም።

ትርጉሙ አጭር ነው። መሣሪያው በማይክሮፎኑ የያዘውን ድምፅ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ይከፋፍለዋል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ያጎላዋል፣ ይጨምቀዋል፣ ያጠራዋል። ለየብቻ የሚሠራበት አንዱ ክፍል ቻናል ይባላል። አለቀ። ሰው የሚሳሳተው ትርጉሙ ላይ አይደለም፤ ቁጥሩ ላይ ነው።

የተዋስነው ቃል በአማርኛ ቦይ ማለት ስለሆነ በቦይ እንሂድ። ድምፅ ውኃ ነው እንበል። ጆሮ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በመደብ የተከፋፈለ እርሻ ነው፤ በአንዱ ጫፍ ቀጭኑ ድምፅ፣ በሌላው ጫፍ ወፍራሙ ይበቅላል። (በውስጠኛው ጆሮ ያለችው ቀንድ አውጣ መሰል አካል፣ ኮክሊያ፣ በእውነትም እንዲህ ናት፤ ቀጭኑን የምትቀበለው በመግቢያዋ፣ ወፍራሙን በጥቅልሏ ጫፍ ነው። ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያጣውም ቀጭኑን ነው።) መስማት ሲቀንስ አንዳንዱ መደብ ይደርቃል፣ አንዳንዱ ይጠወልጋል፣ አንዳንዱ ደህና ይቆያል። ቻናሎች ወደ መደቦቹ የሚሄዱ ቦዮች ናቸው፤ በየቦዩ አፍ ላይም የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለ።

ባለ 64 ቦዩ ገበሬ ከባለ 16ቱ ይበልጣል? መጀመሪያ የትኛው መደብ ምን ያህል እንደደረቀ ማወቁን እንጠይቀው። የመስማት ምርመራ በተለምዶ የሚለካው በ250፣ 500፣ 1000፣ 2000፣ 4000 እና 8000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ላይ ነው። 1500፣ 3000 እና 6000 ቢጨመሩ ዘጠኝ ነጥብ ሆነ። ስለዚህ ገበሬው ዘጠኝ ቦታ ላይ አፈሩን ዳሷል፤ የቀሩት በሮች የሚከፈቱት የጎረቤቶቻቸውን ልክ አይቶ መሐሉን በሚሞላ ስሌት ነው። ስሌቱ ተገቢ ነው፤ እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ግን ያልተለካውን እንደተለካ አያደርገውም።

በዚያ ላይ ጆሮ ራሱ የመለየት አቅሙ ወሰን አለው። ጀርመናዊው የመስማት ተመራማሪ ኤበርሃርድ ዝቪከር የጤነኛን ጆሮ የፍሪኩዌንሲ (የድምፅ ቅጥነት) ክልል በ24 ከፋፍሎ ነበር። (ጆሮ ውስጥ 24 ሳጥን ተደርድሯል ማለት አይደለም፤ ክፍፍሉ ተንሸራታች ነው። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ የሙያ ባልደረቦቼ አይለቁኝም።) ኮክሊያ ስትጎዳ ደግሞ እነዚህ ክፍሎች ይሰፋሉ። በመደቦቹ መካከል ያለው የአፈር ድንበር ፈርሷልና፣ ለአንዱ መደብ ያፈሰሱት ውኃ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ድንበሩ በፈረሰ እርሻ ላይ ቦይ ማብዛት ለውኃው ምን ይፈይዳል?

ጭራሽ የሞተ መደብም አለ። ፀጉር መሰል ሴሎቹ ሥራ ካቆሙበት ቦታ ላይ ድምፅ ቢያፈሱበት ቡቃያ የለም፤ ጭቃ ነው፤ ሰውየው የሚሰማው ጩኸት ወይም የተበላሸ ነገር ይሆናል። ይህን ለመፈተሽ በኬምብሪጅ ብራያን ሙርና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት «ቴን» የሚባል ምርመራ አለ። የቻናል ብዛት የሞተን መደብ አያስነሳም፤ የትኛውም ብራንድ አያስነሳም።

የ«ባንድ» እና የ«ቻናል» መደባለቅ ደግሞ ሌላው ጣጣ ነው። ቻናል መሣሪያው በራሱ የሚሠራበት ክፍል ነው። ባንድ የምንለው ባለሙያው ወይም ተጠቃሚው የድምፁን ልክ የሚያስተካክልበት እጀታ ነው። ማስታወቂያ የሚጽፉት ሰዎች ትልቁን ቁጥር አንሥተው የፈለጉትን ስም ይሰጡታል። ውስጡ 64 ቻናል አለኝ እያለ፣ በስልክ መተግበሪያው ላይ «ወፍራም፣ መካከለኛ፣ ቀጭን» የሚሉ ሦስት መንሸራተቻዎች ብቻ የሚሰጥ መሣሪያ አይቻለሁ። ስልሳ አራት ቦይ፣ ሦስት እጀታ። ባለ ፒክስሉ አስተያየት ሰጪ ይህን እንዴት እንደሚያካፍለው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ዋናው ሥራ ልግባ፤ የቦይ ምሳሌዬም መንገዳገድ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጤነኛ ጆሮ ከ0 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ጀምሮ ይሰማል፤ ድምፅ የሚጎረብጠው ወደ 100 ሲጠጋ ነው። በ50 ዴሲቤል መስማት የሚጀምር ጆሮም ብዙውን ጊዜ የሚጎረብጠው እዚያው 100 አካባቢ ነው። ታችኛው ወለል ከፍ አለ፣ ጣሪያው ግን ባለበት ቀረ። ስለዚህ መሣሪያው ለስላሳውን ድምፅ ብዙ፣ ኃይለኛውን ጥቂት ማጉላት አለበት፤ ያውም በየቅጽበቱ። ይህ ኮምፕሬሽን ይባላል። በሮቹን ገበሬ ጠዋት ከፍቶ ማታ የሚዘጋቸው አይደሉም፤ በሰከንድ ውስጥ ደጋግመው ራሳቸው ከፍ ዝቅ ይላሉ።

እንግዲህ 64 በር እያንዳንዱ የጎረቤቱን ሳያይ፣ የራሱን ጎርፍ እየቀነሰ የራሱን ድርቅ እየጨመረ ይሥራ እንበል። ምን ይሆናል? ኮረብታውና ሸለቆው ይስተካከላል። «ሰማ» ያሉትን ከ«ሸማ» የምንለየው የመጀመሪያው ድምፅ ጉልበቱ የት እንደተከመረ በመስማት ነው፤ የ«ስ» ክምር ከ«ሽ» ከፍ ብሎ በቀጭኑ ጫፍ ላይ ነው ያለው። በሮቹ ክምሩን ካለዘቡና ዙሪያውን ካሳበጡት ልዩነቱ ይደበዝዛል። ሆላንዳዊው የመስማት ተመራማሪ ሬይኒየር ፕሎምፕ ይህን ሥጋት እ.ኤ.አ. በ1988 ጽፎ ነበር። ብዙ ተከራክረውበታል፤ ፈጣን ባልሆነ ኮምፕሬሽን ጉዳቱ እንደሚቀንስም ይታወቃል። ጎበዝ መሐንዲሶች በበኩላቸው ጎረቤት ቦዮችን አያይዘው እንዲንቀሳቀሱ ያደርጋሉ። እንደዚያ ሲሆን ግን 64ቱ እንደ 64 እየሠሩ አይደለም። ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ቀረ።

መዘግየትም አለ። ድምፅን በቀጫጭኑ ለመክፈል ረዘም ያለ ቁራጭ መያዝና መመርመር ያስፈልጋል፤ ይህ የፊዚክስ ጉዳይ ነው፤ አዲስ ቺፕም አያመልጠውም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ያለ ማዘዣ ለሚሸጡ መስሚያዎች የወጣው የኤፍዲኤ (የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት) ደንብ መዘግየቱ ከ15 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ይላል። ጥሩዎቹ ከዚያ በጣም ያንሳሉ። ጆሮን በማይደፍን ክፍት ጎሚኒ (ጆሮ ውስጥ የሚገባው የላስቲክ ጫፍ) ለሚጠቀም ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ድምፁ በቀጥታ አንድ ጊዜ፣ በቦዩ ዞሮ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይደርሰዋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የራሱ ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስለዋል። አዲስ መሣሪያ የምታዩ ከሆነ ስለ ቻናል የምትጠይቁትን ያህል ስለ ሚሊሰከንድ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ይህም ራሱ መልስ ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል፦ ቁጥሩ የሚጠቅምባቸው ቦታዎች አሉ። መሣሪያው ሲያፏጭ፣ ፉጨቱ ያለበትን ጠባብ ቦታ ብቻ ለመያዝ የቀጠነ ክፍፍል ይረዳል። የማያቋርጥ የሞተር ወይም የማራገቢያ ድምፅንም ጎረቤቱን ሳይነኩ ለመቀነስ እንዲሁ። ከጥቂት ቻናሎች ወደ ብዙ መሄድ በተለይ ገደል የመሰለ ኦዲዮግራም (የመስማት ምርመራ ውጤት ሥዕል) ላለው፣ ማለት እስከ 1000 ኸርዝ ደህና ሆኖ ከዚያ በኋላ ለሚወድቅ ሰው፣ የሚታይ ለውጥ አለው። ከዚያ በላይ ግን ጭማሪው እየሳሳ ይሄዳል። በጫጫታ መሐል ንግግር ለመለየት ደግሞ የቻናል ብዛትን የሚያስከነዱት አቅጣጫን የሚለዩ ማይክሮፎኖችና የተናጋሪው ቅርበት ናቸው። ጠጋ ብሎ መቀመጥን የሚያህል ቴክኖሎጂ እስካሁን አልሸጥኩም።

ሌላው የምሰማው ክርክር «እኔ ግን ሞክሬዋለሁ፤ አዲሱ በግልጽ ይሻላል» የሚለው ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ሁለቱን በእኩል ጉልበት አነጻጽረሃቸዋል? ጮክ ያለው ሁልጊዜ የጠራ ይመስላል። ተቃራኒው ወጥመድም አለ፤ ከፋብሪካ እንደወጡ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ቀጭኑን ድምፅ ከሚያስፈልገው በታች ነው የሚሰጡት፤ በመጀመሪያው ቀን ለጆሮ ይለሰልሳልና። ለዓመታት ቀጭን ድምፅ ሳይሰማ የቆየ ሰው ልኩ ሲሰጠው የወረቀት ኮሽታና የማንኪያ ቃጭልታ ይረብሹታል፤ አእምሮው እስኪለምድ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ በአምስት ደቂቃ ሙከራ የሚያሸንፈው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ለዚያ ጆሮ ያነሰው ነው።

ውኃው መድረሱን የሚያሳየው እርሻው ላይ ሄዶ ማየት ነው። በእኛ ሥራ ይህ የሚደረገው ከጆሮ ታምቡር ጥቂት ሚሊሜትር እስኪቀረው ድረስ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ወደ ጆሮ ቦይ አስገብቶ፣ መሣሪያው በርቶ ሳለ የደረሰውን ድምፅ በመለካት ነው። የተለካው «ኤንኤኤል» ወይም «ዲኤስኤል» በሚባሉት ቀመሮች መሠረት ለዚያ ጆሮ ከሚያስፈልገው ልክ ጋር ይነጻጸራል። የመጀመሪያው ከአውስትራሊያ፣ ሁለተኛው ከካናዳ የመጣ ነው። ይህ ሳይደረግ የሚባለው ሁሉ፣ የእኔንም ጨምሮ፣ ግምት ነው። በዚህ መንገድ ልኩን ያገኘ ባለ 12 ቻናል፣ ሳይለካ ጆሮ ላይ ከተሰካ ባለ 64 ይበልጥብኛል። የጎሚኒው ነገርም እዚሁ ላይ ይታያል፤ ክፍት ጎሚኒ ወፍራሙን ድምፅ ያፈሳል፤ ቦዩ ቀዳዳ ከሆነ በሩን ቢያስፋፉት የሚጠጣው መንገዱ ነው።

አዲስ ብራንድ መጥፎ ነው አላልኩም። ይልቁን ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ቤቱ አሮጌ ሊሆን ይችላል። የዓለም መስሚያ ገበያ በአብዛኛው በአምስት ቡድኖች እጅ ነው፤ ሶኖቫ፣ ዲማንት፣ ደብሊውኤስ ኦዲዮሎጂ፣ ጂኤን እና ስታርኪ። ሶኒ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ መስሚያዎችን ይዞ ሲመጣ ከደብሊውኤስ ኦዲዮሎጂ ጋር ተጣምሮ ነበር፤ ጃብራ ኤንሃንስ የመጣው ከጂኤን ቤት ነው። ሌሎቹ ደግሞ እንደ ኦንሰሚ ካሉ ኩባንያዎች የተዘጋጀ ቺፕ ገዝተው ይሠራሉ፤ የሚፎክሩበት የቻናል ቁጥርም ከቺፑ ጋር የመጣ ሊሆን ይችላል።

እኔ ገዢ ብሆን የምጠይቀው ሌላ ነው። መሣሪያውን የትኛውም ባለሙያ ሊያስተካክለው ይችላል ወይስ በኩባንያው መተግበሪያ ብቻ ተቆልፏል? ኩባንያው ነገ ቢዘጋ መተግበሪያው ይሠራል? የጆሮ ውስጥ ድምፅ ማውጫው ሲበላሽ ለብቻው ይቀየራል? ከፍተኛው ጉልበቱ ስንት ነው? ያለ ማዘዣ የሚሸጡት በአሜሪካው ደንብ መሠረት ከ111 ዴሲቤል፣ ኮምፕሬሽን ካላቸው ከ117 አይበልጡም፤ የታሰቡትም ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ መስማታቸው በጥቂቱ ወይም በመጠኑ ለቀነሰ ሰዎች ነው። ከዚያ ለባሰ ጆሮ ስድስት መቶ ቻናል ቢኖረውም ጉልበቱ አይበቃውም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠየቅ ልጨምር። አንድ ጆሮ ብቻ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከደከመ፣ ወይም ፈሳሽና ማዞር ካለ፣ የብራንድ ማነጻጸሪያውን አስቀምጣችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ድንገተኛው ዓይነት የሚታከምበት ጊዜ አጭር ነው።

በቅርቡ አንድ አባት ባለ ብዙ ቻናል አዲስ መሣሪያ ይዘው መጡ። «የግራው ደክሟል፤ ይህ ብራንድ አይረባም፤ ልጄ ቻናሉ የበዛ ይሻላል ብሎ ነበር» አሉኝ። አጉልቼ ብመለከት ድምፅ የሚወጣባት ማጣሪያ በኩክ ተደፍናለች። ስንዴ የማታህል ነገር ናት። ቀየርኳትና መልሼ ሰካሁላቸው። ራሳቸውን ነቀነቅ አድርገው አዳመጡ፣ ፈገግ አሉና፦

«አሁን ስንት ቻናል ጨመርክበት?»