ቁጥር 11ን አንዝለል

ሰላም ወገኖች። ሕዝቅኤል 37ን፣ የደረቁትን አጥንቶች ራእይ፣ ስንሰብክ አንድ ልማድ አለን። አጥንቶቹ ተንኳኩ፣ ሥጋ ለበሱ፣ በእግራቸው ቆሙ፣ ሃሌ ሉያ! ከዚያ ወደ ቤት። ቁጥር 11 ላይ ስንደርስ ስብከቱ አልቋል። የእስራኤል ሕዝብ ግን እዚያ ነው "አጥንቶቻችን ደርቀዋል፣ ተስፋችንም ጠፍቶአል" የሚለው። ቁጥር 8ንም እንዲሁ እናልፈዋለን። ጅማት፣ ሥጋና ቆዳ ተሟልቷል፤ ትንፋሽ ግን የለም።

ይህ የገባኝ ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፉትን አይሁዶች ታሪክ ሳነብ ነው። በ1945 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ጦርነቱ ሲያበቃ "ነፃ ወጡ" ብለን ምዕራፉን እንዘጋለን። በርገን ቤልሰን በሚባለው የናዚ እስር ካምፕ ውስጥ ግን ነፃ አውጪዎቹ ከገቡ በኋላ እንኳ ከ13,000 በላይ ሰው ሞቷል። ሰውነታቸው በረሃብና በበሽታ አልቆ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን የላከው ኧርል ሃሪሰን ጀርመን ሄዶ ሲያይ፣ የተረፉት አይሁዶች አሁንም በሽቦ አጥር ውስጥ ናቸው። የሚቀይሩት ስለሌላቸው አንዳንዶቹ ያንኑ የእስረኛ ልብስ ለብሰዋል፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ካምፖቹን ይጠብቁ የነበሩትን የናዚ ኤስኤስ ወታደሮች ዩኒፎርም። እስቲ አስቡት፣ ቤተሰብህን የጨረሰውን ሰው ልብስ ለብሰህ ስትውል።

"ለምን ወደ ቀያቸው አልተመለሱም?" የሚል አይጠፋም። ተመልሰው የሞከሩት ነበሩ። ፖላንድ፣ ኪየልትሴ ከተማ ውስጥ በጁላይ 1946 አርባ ሁለት አይሁዶች ተገደሉ። ጦርነቱ ካለቀ ከዓመት በኋላ!

ከዚያ የመርከቡ ነገር አለ። ስሙ ኤክሶደስ፣ ዘፀአት ማለት ነው። ጁላይ 1947 ከ4,500 በላይ ሰው ጭኖ ከፈረንሳይ ወደ ፍልስጤም ተነሳ። ያኔ ፍልስጤምን የምታስተዳድረው እንግሊዝ የአይሁድ ስደተኞችን ቁጥር ገድባ ስለነበር የጦር መርከቦቿ ባሕር ላይ ያዙት፤ በግብግቡ ሦስት ሰው ሞተ። ሃይፋ ወደብ ደረሱ፣ መሬቱን ረገጡ፣ ወዲያው ሦስት መርከቦች ላይ ተጭነው ወደ ፈረንሳይ ተመለሱ። ፈረንሳይ "የፈለገ ይውረድ፣ እቀበላለሁ" አለች። ጥቂት ሰዎች፣ በብዛት ሕመምተኞች፣ ወረዱ። ሌላው ሕዝብ ከነሕፃናቱ፣ በዚያ የበጋ ሙቀት፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ከሦስት ሳምንት በላይ አልወርድም ብሎ ተቀመጠ። በመጨረሻ የት ወስደው ቢያወርዷቸው ጥሩ ነው? ሃምቡርግ። ጀርመን! ቀይ ባሕር ዳር አድርሰው ወደ ፈርዖን ጡብ እንደመመለስ ነው።

በግንቦት 1948 የእስራኤል መንግሥት ሲታወጅ በሩ ተከፈተላቸው። በዚያን ጊዜ በአይሁዶችና በአረቦች መካከል በተካሄደው ጦርነት ደግሞ ወደ 700,000 የሚጠጉ ፍልስጤማውያን በተራቸው ቤታቸውን አጥተው ተሰደዱ፤ ይህን ዘልሎ ማስተማር ለእኔ ልክ አይመስለኝም። ትንቢቱ ያኔ ተፈጸመ አልተፈጸመም የሚለው ክርክር ውስጥም ዛሬ አልገባም።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። እግዚአብሔር "ከዚህ ሁሉ ራእይ በኋላ እንዴት ታማርራላችሁ?" አላለም። ምሬታቸውን ቃል በቃል ለነቢዩ ደገመለት። ሰምቶታል ማለት ነው። ቀጥሎ "ሕዝቤ ሆይ" ብሎ ጠራቸው፣ ወደ ምድራቸው እንደሚያገባቸውም ነገራቸው። ትንፋሽ ብቻ ሰጥቶ አልተዋቸውም፤ የሚገቡበትንም አሰበላቸው።

እኛስ? እኔ ራሴ አለሁበት። በእኛው ሀገር ጦርነት ቤቷን ጥላ የወጣች አንዲት እናት ጸሎት ቤታችን መጥታ ስታለቅስ "እማማ፣ ዋናው በሕይወት መትረፍዎ ነው፣ ተመስገን ይበሉ" ብያቸው ነበር። አቀርቅረው "ተመስገን" አሉና ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ ለወራት ስለቤታቸው አንድም ቀን አላነሱብኝም።

ባለፈው እሑድ አጠገባቸው ተቀመጥኩና "እማማ፣ ቤትዎ ምን ይመስል ነበር?" አልኳቸው። ከበሩ ጀመሩ። በሩ ትንሽ ይጣበቅ ነበር፣ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። ጓሮ ሳንደርስ መሸ።